የማን አለኝ መልስ

ፅናት ከፍቅረኛዋ ከፊልሞን አያት ፊት መቀመጥ ከፈተና ይብስባት ነበር። አያቱ አቶ ዘገዬ ሰው በመጣ ቁጥር አጥንት ይቆጥራሉ፤ አባትሽ ማነው፣ የእሱስ አባት፣ እያሉ እስከ ሰባት ቤት። ሽማግሌ ሊላክ የቀረው አንድ ሳምንት ነው። የእናቷ አያት ከጎጀብ የቡና እርሻ ያመለጠች ባሪያ መሆኗን ደግሞ ፊልሞን እንኳ አያውቅም። “ይቺን ከሰሙ ሰርግ የለም” ብላታለች እናቷ፣ ቁርጡን።

ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ባለው ቤታቸው፣ ከምሳ በኋላ፣ አቶ ዘገዬ አይጥ የቀመሰው መዝገብ አስመጡ። እሪ በከንቱ ሰፈር የነበረው የአባታቸው ቤት ለመንገድ ሲፈርስ ከኮርኒስ በላይ የተገኘ ነው።

“የአያቴ እርሻ መዝገብ ነው” አሉ እየተኩራሩ። “ጎጀብ ዳር!”

ፅናት ክው አለች። ፊልሞን ፊቷ ሲለዋወጥ አይቶ ከጠረጴዛው ስር እጇን ያዘ።

“ደስታ፣ ወንድ፣ መንጣሪ። ብልጫ፣ ሴት፣ አራሚ…” የባሮቹን ስም የጓዳ ዕቃ እንደሚቆጥር ሰው ነው የሚያነቡት፤ ድክም እንኳ አይላቸውም! ሰበብ ፈጥራ ልትነሳ አሰበች፤ ፊልሞን ግን እጇን እንደያዘ ነው።

“ማን አለኝ፣ ሴት፣ ቡና ለቃሚ። ጠፋች።” ሽማግሌው ሳቁ። “ያኔ እኮ የባሪያ ስም መልስ አለው። ጌታው ሲጠራ ባሪያው መልሱን እያለ ነው ከች የሚለው። የዚችን ግን አልጻፉትም።” ከዚያ ወንበራቸው ላይ ቀና ብለው፣ አያታቸው ይጠሩ በነበረው ድምፅ፣ “ማን አለኝ!” አሉ።

“ከእርስዎ በቀር!”

የወጣው ከፅናት አፍ ነው። ልጅ ሳለች እናቷ ከግቢ “ማን አለኝ!” ብላ ስትጣራ ይህንኑ እየመለሰች ትሮጥ ነበር፤ እናቷም ከራሷ አያት የለመደችው ጨዋታ ነው። እናትን አንቱ ማለት ለምን እንዳስፈለገ ጠይቃ አታውቅም። አሁን ገባት፤ ጠፋች የተባለችው ለጌታዋ ትመልሰው የነበረ ነው።

አቶ ዘገዬ አልጠረጠሩም። “ልክክ አለ እኮ!” ብለው እስክሪብቶ አወጡና ከስሙ ጎን ጻፉት። “እንዲህ ያለውን የጥንት ነገር ከማን ሰማሽው፣ ልጄ?”

ፅናት ወደ ፊልሞን ዞረች። እሱ መዝገቡ ላይ “ጠፋች” የሚለውን አየ፤ እሷን አየ። ከዚያ እጇን ለቀቀ።

“ንገሪኝ እንጂ” አሉ ሽማግሌው፣ እስክሪብቶውን እንደያዙ።