ድምፅ የሌላት መኪና

ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ፤ ጣቢታ ለምን እንደምታነክስ ልንገራችሁ።

በደርግ ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ነበር የሚታደለው። ከጊምቢቹ ሆሳዕና የሚያመላልሰን የላንድሮቨር ሾፌር ኑሪ፣ ቁልቁለት ሲያገኝ ሞተሩን ጥፍት አድርጎ መኪናዋን ያለ ማርሽ፣ በፎሌ ይለቃታል። ድምፅ የላትም። የእኛ ሰው ደግሞ መንገድ የሚለቀው በጆሮው ነው፤ ሞተር ካልሰማ መኪና የለም።

ያን ቀን ገበያ ነበር። ባለቤቴ ጣቢታ ቆጮዋን አዝላ በእግሯ ቀድማለች። እኔ ለስብሰባ ተጠርቼ መኪናው ላይ ወጣሁ። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሞተሩ ጠፋ።

«ኑሪ ልጄ፣ አስነሳው። መንገዱ ሰው ብቻ ነው፤ ጣቢታም ከፊት አለች።»

«ጋሽ ሽብሩ፣ ቤንዚኑን እርስዎ ያመጡልኛል?»

«እንግዲያው ክላክስ አድርግ!»

«ባትሪው ደክሟል። ካለቀ ገፍታችሁ ነው የምታስነሱት።»

«አይ፣ መግፋትስ ይቅርብን!» አለ ጨው ነጋዴው ኃይለሚካኤል። «ጋሽ ሽብሩ ይውረዱና ከፊታችን እየሮጡ ‹መኪና መጣ› ይበሉልን!»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። ምን ልበላችሁ፣ በሌላው ቀን እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

መታጠፊያው ላይ የጣቢታን ነጠላ አየሁ። ጭንቅላቴን በመስኮት አውጥቼ «ጣቢታ! ጣቢታ!» ብዬ ጮህኩ። ዳር ዳሩን ይዛ ነበር እኮ! የባሏን ድምፅ ስትሰማ፣ በእግሬ የተከተልኳት መስሏት፣ ዞር ብላ ወደ መሃል ገባች። ኑሪ ፍሬን ያዘ፤ የጎማው መሸፈኛ፣ ፓራፋንጎው ግን እግሯን መታት።

ቦዩ ውስጥ ወድቃ፣ ቆጮው ተበትኖ፣ «አንተ ሰው፣ ጠርተኸኝ አይደል?» አለችኝ።

ወርጄ ከቦዩ አወጣኋት።

ተሳፋሪው ሁሉ እኔ ላይ ዞረ። «ምን አስጮኸዎት? ዝም ቢሉ ዳሯን ይዛ ታልፍ ነበር» አሉኝ። ትራፊኩ መጥቶ «እግረኛዋ አልተጠነቀቀችም» ብሎ ጻፈ። «ሞተሩስ?» አልኩት። «ቤንዚን መቆጠብ ጥፋት ነው እንዴ?» አለኝ። በሳምንቱ ኑሪ እዚያው ቁልቁለት ላይ ሞተሩን አጠፋ። ተሳፋሪው ከመቀመጫው አልተነቃነቀም። እኔ ብቻ ወርጄ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ፤ የእነሱ ነገር እስከ ዛሬም ያናድደኛል።

እናንተ መሪ የምትይዙም፣ የምትሳፈሩም፣ አደራ፦ መንገድ ላይ ያለው ሰው የሚያውቃችሁ በድምፃችሁ ነው፤ ሞተሩን አታጥፉ፣ ሲጠፋም ዝም አትበሉ። ይህችን አትርሱብኝ፣ ልጆቼ።