ከበሽሎ ወዲህ የመጣው ጽሑፍ

ዘምዘም ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ በጎልማሶች ትምህርት ፊደል የለየችው፣ ልጇ ዛኪር ከጓደኛው ከተውፊቅ ጋር በሞተር ከካርቱም እስከ ወሎ ሊሄድ ሲሰናዳ ነው።

«ከእንግዲህ በድምፅ አትላክልኝ፤ ጻፍልኝ» አለችው ኮራ ብላ።

«ያ ሰላም! እማ ኡስታዛ፣ አስተማሪ ሆነች!» ብሎ ሳቀባት።

እንዳለችውም ጻፈላት። ጋሸና ላይ ብርዱ ጣት እንደሚያደነዝዝ፣ ደመናው ከመንገዱ በታች እንደሚሄድ፣ እሷ የተወለደችበት አገር እንዲህ ማማሩን ለምን እንደደበቀችው ጻፈ። ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች አነበበችው።

የበሽሎን ገደል ልንወርድ ነው ካለ ወዲህ ግን ጽሑፉ አጠረ። «ደህና ነኝ፤ አታስቢ» ብቻ ሆነ።

«ልጄ፣ ድምፅህን አሰማኝ» ብላ ላከችበት።

«ኔትወርክ ደካማ ነው፤ እጽፍልሻለሁ» የሚል መጣላት። ብትደውልም የሚያነሳ የለም።

አንድ ማለዳ ለሥራ ወደ ቡሪ ሰፈር ልትወጣ በሩን ስትከፍት፣ ጎረቤቷ ኒዕማና የሰፈሩ የወሎ ሴቶች ሁሉ ነጠላቸውን ተከናንበው ደጇ ቆመዋል። መርዶ በስልክ እንደማይነገር፣ ሰው ተሰብስቦ እስኪመጣ እንደሚደበቅ ታውቃለች።

«ማነው ሲጽፍልኝ የከረመው?»

«ተውፊቅ ነው፣ እህቴ» አለች ኒዕማ እያለቀሰች። «ብቻሽን እንዳትሰሚው ብለን እኛ ነን ያዘዝነው።»

ሴቶቹ ደግፈው አስገቧት። እሷ ግን የልጇን ድምፅ ፍለጋ ስልኳን ታገላብጥ ነበር። ከዚያ ሁሉ መንገድ አንድም ድምፅ አልነበረም፤ ጻፍልኝ ብላዋለች።