ከመስኮቱ ውጭ ያለው አግዳሚ

ደብዳቤው አጭር ነበር፤ በወረርሽኙ ምክንያት አስተማሪና ተማሪ በአንድ ክፍል እንዳይገኙ ይላል። አዋላጇ ሲስተር፣ በዚህች የገጠር ጤና ጣቢያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቿን እጃቸውን ይዛ፣ ሲያጠፉም እጃቸውን መታ አድርጋ ያስተማረች ሴት፣ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችና "ታዲያ በምኔ ላስተምር፣ በዓይኔ?" አለች። አስም ስላለባት ግን ምርጫ አልነበራትም። ተማሪዋ ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ፣ እሷ ከመስኮቱ ውጭ ሆኑ።

ማስክ ድምፅ ያፍናል፤ ስለዚህ ሲስተር ትጮኻለች። ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ወረፋ ጠባቂዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር አለ። ሁለት ወር ሳይሞላ አግዳሚው በሙሉ አዋላጅ ሆኖ አረፈው። በተለይ የእግራቸውን ቁስል ለማሳሰር በየቀኑ የሚመጡት አባባ ፋሻ ትምህርቱን እንደ ውሃ ጠጥተውታል።

ችግሩ ተማሪዋ ናት። እጇ ወርቅ ነው፤ ሲጠይቋት ግን አፏ ይተሳሰራል። የመለማመጃውን አሻንጉሊት ይዛ "ቀጥሎስ?" ስትባል ቀና ብላ መስኮቱን ታያለች። "ጀርባውን እሺው!" ይላታል አግዳሚው ባንድ አፍ። አምና በቃል ፈተና ወድቃለች፤ ዘንድሮ ከወደቀች ከኮሌጁ ትሰናበታለች። ሲስተር እንደ ልጇ ነው የምትወዳት፤ ይህን ስታስብ እህል አልወርድ ብሏታል።

የፈተናው ዕለት ስልኩ የግሉኮስ መስቀያው ላይ ታሰረ፤ ፈታኙ ኮሌጁ ውስጥ ሆኖ በቪዲዮ ያያል። ሲስተር ወደ አግዳሚው ዞራ "ዛሬ ትንፍሽ ያለ ሰው ወደ ወረፋው መጨረሻ ነው የሚሄደው!" አለች። አባባ ፋሻ ማስካቸው ላይ መዳፋቸውን ደረቡበት።

"ሕፃኑ አላለቀሰም እንበል፤ ምን ታደርጊያለሽ?" አለ ፈታኙ።

ተማሪዋ መስኮቱን አየች። መስኮቱ ጭጭ። አባባ ፋሻ የራሳቸውን ጀርባ ማሸት ጀመሩ።

"እዚያ መስኮቱ ጋ ያሉት አባት ምን ሆነው ነው?"

"አሳክኳቸው ነው!" አለች ሲስተር።

በዚህ መሃል በሩ ተበርግዶ ምጥ የያዛት ሴት በእናቷ ተደግፋ ገባች። አልጋው ላይ ከመውጣቷ ሕፃኑ መጣ። መስቀያው ተገፍቶ ወደቀ፤ ስልኩም ጣሪያው ላይ አፍጥጦ ቀረ። ሕፃኑ አላለቀሰም።

ሲስተር ደብዳቤውን ረስታ ሮጠች። ከመስኮቱ እስከ በሩ ሕንፃውን መዞር ነው። ደረቷ እያፏጨ፣ ማስኳ አገጯ ላይ ወርዶ ስትደርስ ተማሪዋ ሕፃኑን አድርቃ፣ ጀርባውን አሽታ፣ በእጅ የሚጨመቀውን የአየር ከረጢት አፍና አፍንጫው ላይ ገጥማ እየቆጠረች ትጨምቃለች። ሲስተር ያን ያህል ፈርታ አታውቅም። ጥቂት ቆይቶ ሕፃኑ ሳል ሳል አለና ቤቱን በጩኸት አናወጠው። ሲስተር ሕፃኑን ልታይ ጠጋ ስትል ተማሪዋ ሳትዞር "ሲስተር፣ ማስክ!" አለቻት።

ሲስተር እንባዋን ሳትጠርግ ማስኳን ወደ ላይ ሳበች።

"እኔ ያየሁት ጣሪያ ብቻ ነው" አለ ፈታኙ ከወለሉ ላይ። "ምን እንደተደረገ ማን ያስረዳኛል?"

አግዳሚው በሙሉ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ አፉን ከፈተ። ሲስተር አፈጠጠችበት፤ ዘጋ።

"እኔ" አለች ተማሪዋ። መስኮቱን አላየችም። ሕፃኑን እናቱ ደረት ላይ እያስተኛች፣ ከለቅሶው በላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ከማድረቁ ጀምራ አንድ በአንድ ተናገረች።

ፈታኙ "የቀረ ነገር የለም?" አላት።

"አለ እንጂ!" አሉ አባባ ፋሻ ወረፋቸውን ሰውተው። "እናትየዋን 'እንኳን ደስ ያለሽ' አላለቻትም!"

ተማሪዋ አለቻት፤ ፈተናውንም አለፈች። ሲስተር ግን ቃሏን አላጠፈችም፤ አባባ ፋሻ የዚያን ዕለት እግራቸው የታሰረው ከሁሉም መጨረሻ ነው።