ከመጠቅለያው የወጣው ጥላ

"ፈቀቅ ይበሉ እንጂ፣ ዶን ኦቪዲዮ! ጢምዎ ቢቃጠል ሚስትዎ የምትከሰው እኔኑ ነው።"

ኖኤሊያ የጋዙን ነበልባል ሳህኑ ላይ ወዳለችው ነጭ ድቡልቡል አስጠጋች። ሽማግሌው ሳምንቱን ሙሉ ወንዝ ዳር ጎንበስ ብሎ አሸዋ ሲያጥብ ሰንብቶ፣ ብናኙን ወርቅ በባዚቃ፣ ሜርኩሪ በሚባለው ፈሳሽ ብረት፣ ለቃቅሞ ያመጣት ነበረች። እሳቱ ሲያርፍባት ባዚቃው እየተነነ ከላይ በተደፋው ቆርቆሮ በኩል ወደ ጭስ ማውጫው ገባ። ነጯ ድቡልቡል መጀመሪያ ግራጫ፣ ቀጥሎ ቢጫ ሆነች።

"ወለደች!" አለ ኦቪዲዮ። ወርቁ በታየ ቁጥር የሚላት ነገር ናት። "የቤቷስ መቼ ነው?"

"በሚቀጥለው ወር፣ ድንግል ከፈቀደች።"

የቤቷ የተባለችው ዮርላዲስ፣ የኖኤሊያ አንድያ ልጅ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሳል ጀምሯት ነበር። የጭስ ማውጫው ቱቦ በእሷ መኝታ ክፍል አልፎ ነው ወደ ውጭ የሚወጣው። በዚህች የአንቲዮኪያ ክፍለ ሀገር ከተማ ዝናብ ከያዘ ልብስ በፀሐይ አይደርቅም፤ ስለዚህ ወርቅ የሚያነጥር ቤት ሁሉ በጋለው ቱቦ ሥር ገመድ ይዘረጋል። ጎረቤት ሳይቀር እርጥብ ልብሱን ይዞ ይመጣል። ዛሬ ገመዱ ላይ የተሰጣው ነጭ የሕፃን መጠቅለያ ነበር፤ ጠርዙ ሰማያዊ። ኖኤሊያ በእጇ የሠራችው ነው።

ዮርላዲስ ሆዷን ደግፋ ብቅ አለች። "እማ፣ አማቴ ዶኛ ኤዲልማ ደውለው ነበር። እርሻው ላይ አልጋ አዘጋጅቼላታለሁ፣ አየሩም ንጹሕ ነው፣ እዚህ ትውለድ ይላሉ።"

"አልጋዋ ላይ እሷ ትተኛበት። የልጅ ልጄ የሚወለደው እዚህ ነው።"

"መጠቅለያም ሠርተውለታል። ቢጫ።"

"ቢጫ! ልጁን ሙዝ ልታስመስለው ነው?"

ኦቪዲዮ ሳቀ። ዮርላዲስም ለመሳቅ ስትሞክር ሳሉ መለሳት።

ከሰዓት በኋላ፣ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ እንደዋለው፣ ሕዝቡ በስፖርት አዳራሹ ተሰበሰበ። የባዚቃን ጭስ በዓይን የምታሳይ ኢንጂነር ከሜዴሊን መጥታለች ተብሏል። ኖኤሊያ የሄደችው ብትቀር ፈራች ስለሚሏት ነው። ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ከፊት ተቀመጠች።

ኢንጂነሯ ሊሴት የምትባል ቀጭን ወጣት ናት። አንዲት አነስተኛ መብራት ያለበት ሳጥንና አንድ ሰሌዳ አዘጋጅታለች። መስኮቶቹ በሸራ ተሸፈኑ። መብራቱ ሲበራ ሰሌዳው አረንጓዴ ፈካ።

"መብራቱ ውስጥ ያለው ጥቂት ባዚቃ ነው" አለች። "ኤሌክትሪክ ሲያገኘው አተሞቹ ጉልበት ይቀበላሉ፤ ያንን ጉልበት መልሰው ሲለቁት ብርሃን ይሆናል። የእኛ ዓይን አያየውም፣ ሰሌዳው ግን ያየዋል። የእያንዳንዱ ነገር አተም የራሱ ብርሃን አለው። የሚሰጠውም የሚውጠውም ያንኑ የራሱን ነው። እንግዲህ በመብራቱና በሰሌዳው መካከል ባዚቃ ካለፈ፣ የወንድሙን ብርሃን ይውጠውና ጥላ ይጥላል።"

በመካከሉ እፍ አለች። ሰሌዳው ላይ ምንም አልታየም።

"የባሌን ትንፋሽ ሞክሪው፤ እሱ ከተማውን ያጨልመዋል!" አለች ሎተሪ ሻጯ ፍሎራልባ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ሊሴት ጠብታ ባዚቃ ያለባት ስኒ አንስታ በመዳፏ ይዛ መብራቱ ፊት አደረገቻት። ከስኒው አፍ ጥቁር ጭስ ተነሣ። ሰሌዳው ላይ እየተጥመለመለ ወጣ፣ ዳር ሲደርስ ፈሰሰ፣ አላቋረጠም። ሰው ወደ ስኒው ሲያይ ባዶ አየር ነው፤ ወደ ሰሌዳው ሲያይ ቤት የተቃጠለ ይመስላል። የሚስቅ ጠፋ።

"አልፈላም እኮ" አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

"አልፈላም። የእጄ ሙቀት ብቻ ነው።"

ኖኤሊያ ወንድሟ ኤልኪን ትዝ አላት። ከእሷ በፊት በዚያው ሳህን ያነጥር የነበረው እሱ ነው። በመጨረሻው ዘመኑ ማንኪያ አፉ ጋ ሳይደርስ ይደፋ ነበር። መጠጥ ነው ተባለ፤ እሷም መጠጥ ነው ብላ ቀበረችው። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ግን እሷ ራሷ ስኒ የምትይዘው በሁለት እጇ ነው። ለማንም አልተናገረችም።

"ኖኤሊያ፣ ሽርጥሽን ስጫት እንጂ!" ፍሎራልባ ናት። "ምነው፣ ፈራሽ?"

"ምን ያስፈራኛል? ትናንት የታጠበ ነው።"

ፈትታ ሰጠች። ሊሴት ሽርጡን መብራቱ ፊት ይዛ በፀጉር ማድረቂያ አሞቀችው። ከኪሱ፣ ከመታጠቂያው፣ ከየስፌቱ ጥቁሩ ነገር ተነሣ።

"የት ነው ያሰጡት?" አለች ሊሴት በቀስታ።

ኖኤሊያ ገመዱ በዓይኗ መጣባት፤ ገመዱ ላይ ያለውም። ተነሥታ ወደ ዝናቡ ሮጠች።

ዮርላዲስ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ መጠቅለያውን ጉንጯ ላይ አድርጋው ነበር። "እማ፣ ደረቀ እኮ! ሙቀቱ ደስ ሲል፣ እስቲ ንኪው—"

ኖኤሊያ መንጭቃ ወሰደችባት። "ከዚህ ክፍል ውጪ! በረንዳ ላይ ተቀመጪ።"

"ምን ሆነሻል? እያስፈራሽኝ ነው!"

"ውጪ አልኩሽ!"

አዳራሹ ስትመለስ ሰው ተበትኗል። ሊሴት ሰሌዳውን እያወረደች ነበር። ኖኤሊያ መጠቅለያውን ዘረጋችላት።

"ይሄን እዪልኝ።"

"የማን ነው፣ ዶኛ?"

"ገና ያልመጣ ሰው ነው።"

መብራቱ እንደገና በራ። ማድረቂያው ጮኸ። አረንጓዴው ሰሌዳ ንጹሕ ነበር፤ ኖኤሊያ ስሙን የምታውቀውን ቅዱስ ሁሉ ጠራች። የመጠቅለያው ነጭ መካከል ምንም አላወጣም። "አየሽ?" ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከሰማያዊው ጠርዝ እንደ ክር የቀጠነ ጥላ ተነሣ። ሌላ ክር ተከተለው። ከዚያ ጠርዙ በሙሉ ጨሰ።

ኖኤሊያ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

"ስንት ወሯ ነው?" አለች ሊሴት።

"ስምንት።"

"ዛሬውኑ ከዚያ ቤት ትውጣ። ደሟም ይመርመር፤ ሐኪም ይያት።"

"ልጁስ?"

ሊሴት መብራቱን አጠፋች። "አላውቅም፣ ዶኛ። እዚህ ያለውን ነው የሚያሳየኝ፤ ሰውነቷ ውስጥ ስንት እንደገባ አይነግረኝም። ያልገባ ሊሆንም ይችላል። ግን ሌላ ሌሊት እዚያ እንዳታሳድሯት።"

ኖኤሊያ መጠቅለያውን በላስቲክ ከረጢት አሳስራ እዚያው ተወችው።

ቤቷ ደጃፍ ላይ ኦቪዲዮ ሁለት ባልንጀሮቹን አስከትሎ ቆሟል። ሰዎቹ ነጭ ድቡልቡሎቻቸውን በጨርቅ ቋጥረዋል። "ዶኛ ኖኤሊያ፣ ደንበኛ አመጣሁልሽ፤ እሳቱን አንድጂ!"

"ዛሬ እሳት የለም።"

"ነገስ? ሰው እኮ በልቶ ማደር አለበት።"

ኖኤሊያ የሽማግሌውን እጆች አየች። ይንቀጠቀጡ ይሆን? ብርዱ ይሆን? "አላውቅም፣ ዶን ኦቪዲዮ። ይሂዱ አሁን፤ እባክዎ" አለች።

ዮርላዲስን በረንዳው ላይ በብርድ ተኮራምታ አገኘቻት። እናቷን ስታይ ልታቅፋት ተነሣች። ኖኤሊያ ከጣሪያው ጠፈጠፍ ወዲያ፣ ዝናቡ ውስጥ ቆመች።

"አትምጪ። ልብሴ ላይ አለ።"

"ምኑ ነው ያለው? እማ፣ ግቢ እንጂ፤ እየበሰበስሽ ነው!"

"ስልክሽን አውጪ። ለአማትሽ ደውዪና ድምፁን ከፍ አድርጊው።"

ዮርላዲስ ደወለች። እናቷ ከሴትዮዋ ጋር ከሠርጉ ቀን ወዲህ ተነጋግራ አታውቅም።

"ዶኛ ኤዲልማ፣ ኖኤሊያ ነኝ።"

"እመቤቴ! ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ዮርላዲስን መጥታችሁ ውሰዷት። እርስዎ ጋ ትውለድ።"

"እሺ… እሺ፤ ነገ ጠዋት መኪናውን—"

"አሁን፣ ዶኛ ኤዲልማ። እለምንዎታለሁ፤ አሁን።"

ስልኩ ሲዘጋ ዮርላዲስ እያለቀሰች ነበር። ልብስ ልትሸክፍ ወደ በሩ ዞረች።

"አትግቢ! ከዚህ ቤት አንድ ጨርቅ እንዳትወስጂ። የለበስሽውንም እዚያ ስትደርሺ ትለውጪዋለሽ።"

"መጠቅለያውስ? አንቺ የሠራሽለት?"

ዝናቡ በኖኤሊያ ፊት ላይ ይወርዳል። እጇን ወደ ልጇ ሆድ ልትዘረጋ ጀምራ መልሳ ወደ ኋላዋ ደበቀችው።

"ያቺን ቢጫዋን አልብሺው" አለች። "ምን አለበት፤ ሙዝ ይምሰል።"