መድኃኒት እንደ እንጀራ አይቆረስም

አያ ክንዱ ወደ ክፍሌ የገባው የበሽታውን ምክንያት አዘጋጅቶ ነው። ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል፣ ከጃናሞራ ሲመጣ መንገድ ላይ ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይ ሸንቶ ምች እንደመታው ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ሽንቱ ያቃጥለዋል፤ ቢጫ መግልም ይወጣዋል። ይህን ሁሉ ሲናገር የሚያየው እኔን ሳይሆን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሥዕል ነበር።

የምሠራው ጎንደር ውስጥ፣ ከቀሐ ሰፈር ከፍ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው፤ ጤና መኮንን ነኝ። የጋለ ድንጋይ ወሬ ለእኔ አዲስ አይደለም። ደባርቅ ስናድግም ጨብጥ ከጋለ ድንጋይ ወይም ወደ ጨረቃ ዞሮ ከመሽናት ይመጣል ሲባል እንሰማ ነበር። አልሳቅሁበትም። ሰው እንዲህ የሚለው ሁልጊዜ ባለማወቅ አይደለም። ድንጋይ ጥፋት ቢጭኑበት አይከራከርም።

ከመረመርሁት በኋላ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። በሽታው ጨብጥ እንደሚባል፣ የሚያመጣውም በዓይን የማይታይ ተህዋስ እንደሆነ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚያልፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንጂ ድንጋይም ጨረቃም እንደሌለበት አስረዳሁት። ብዙ ጊዜ ክላሚዲያ የሚባል ሌላ ተህዋስ አብሮት ስለሚገባ የምናክመው ሁለቱንም ነው፤ ሁለቱም ይድናሉ አልኩት። ይድናሉ ስል ነው ፊቱን ወደ እኔ ያዞረው። ከዚያ ቀስ በቀስ ተናገረ። በጥቅምት ሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ አንድ ሌሊት ከሌላ ሴት ጋር አድሯል። ተመልሶም ከሚስቱ ጋር ሆኗል። ሕመሙ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሚስቱ አዝመራ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የፊተኛው ምጥ በርትቶባት ስለነበር እዚያው ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ያሉት አዋላጆች ጎንደር ገብታ እንድትወልድ መክረዋት፣ ቀሐ ከክንዱ እኅት ከውቢት ቤት አርፋለች። እሷም መታከም አለባት አልኩት። ምንም አያማትም አለኝ። ሴት ብዙ ጊዜ ምልክት ሳይታይባት በሽታውን እንደምትይዝ፣ ሕፃኑ ሲወለድ ዓይኑ ሊመረዝ፣ ካልታከመም ሊታወር እንደሚችል ነገርሁት። 

«እኛ እኮ በቁርባን ነው የተጋባን» አለኝ።

ይህን ማስረዳት አላስፈለገውም። በቁርባን የተጋቡ ሌላ ላያውቁ ቃል ገብተዋል። ነገሩ ከተሰማ የነፍስ አባት ይገባበታል፣ ዘመድ ይሰበሰብበታል፤ አዝመራም ጓዟን ጠቅልላ ካባቷ ቤት ብትገባ ተሳሳትሽ የሚላት የለም። ምስጢሩን ለማንም እንደማልናገር፣ ለሷም ቢሆን ያለ ፈቃዱ እንደማልነግራት አረጋገጥሁለት። ግን አልዋሻትም። ራሱ ይንገራት፤ ካልሆነለትም ይዟት ይምጣና እኔ ባለሁበት ይንገራት። እሺ አለኝ። የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራው ነጻ ነበር። ነጃት፣ አብራኝ የምትሠራው ነርስ፣ መርፌውን ወጋችው። ጧትና ማታ የሚውጠውን የአንድ ሳምንት እንክብል ሰጠሁት፤ ሁለቱም ታክመው እስኪጨርሱ አብረው እንዳይተኙም ነገርሁት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ብቻውን መጣ፤ እየሳቀ።

«ሸጋ ሆኛለሁ፤ መርፌው በነጋታው ነው ያዳነኝ» አለና እንክብሉን ትንሽ እንድጨምርለት ጠየቀኝ።

የሰጠሁት ለሱ በቂ ነው አልኩት።

«ለአንድ ሰው ይበቃ ነበር፤ ለሁለት ነው ያነሰ።»

ጧት ጧት እሱ አንድ ይውጣል፤ ማታ ማታ ለአዝመራ አንድ ይሰጣታል። ለደም የሚሆን ነው ብሏታል። እሷም በእርግዝናዋ የደም ኪኒን ስትወስድ ስለቆየች አልጠየቀችውም።

«ምነው ተቆጣህ?» አለኝ ክንዱ። «በኛ አገር የቤት አባወራ ብቻውን አይበላም። እኔ ድኜ እሷ ልትቀር ነው?»

ቁጣዬ የበረደው ይህን ሲለኝ ነው። ሰውየው ሳይናገር የሚያድንበትን መንገድ ፈልጎ፣ ከሚያውቀው ነገር ሁሉ ደግ የሆነውን መርጧል። ከገበታው ያላትን አካፍሏል።

«አያ ክንዱ፣ መድኃኒት እንደ እንጀራ አይቆረስም» አልኩት። «ግማሹ ግማሽ አያድንም። አንተንም እሷንም ሳያድን ያልቃል። ደግሞ ይህኛው ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ የሕፃኑን አጥንትና ጥርስ ይነካል።»

ፊቱ ዐመድ መሰለ። ልጄን ገደልሁት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልገደልህም፤ የወሰደችው ጥቂት ስለሆነ ይጎዳዋል ብዬ አልሰጋም፤ ግን ዛሬውኑ ታቁም አልኩት። ለሷ የሚሆን ሌላ አለ፤ አንድ መርፌና በአንድ ጊዜ የሚዋጥ ኪኒን። ያን ለመስጠት ግን ለምን እንደሆነ ማወቅ አለባት።

የመጨረሻ ሙከራውን አደረገ። እሷም እኔም የጋለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነበር ብንላትስ አለኝ።

«ለከርሞ መተማ ስትወርድ አዝመራ ድንጋይ እየፈራች ትቆይህ?» አልኩት።

ሄዶ አመጣት። ረጋ ያለች፣ ቀጭን ረጅም ሴት ናት። ነጃት ወንበር አቀረበችላት። ክንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ፤ የጀመረውም ደግሞ ከድንጋዩ ነበር። ከመካነ ብርሃን ወጥቶ፣ ፀሐዩ በርትቶ፣ ሽንቱ ይዞት። አዝመራ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ኅዳር ነው» አለችው። «ውርጭ ገብሱን በሚያቃጥልበት ወር ጃናሞራ የትኛው ድንጋይ ነው የጋለ?»

ነጃት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ክንዱ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «መተማ ነው» አለ። «አንዲት ሴት ነበረች። ጥፋቱ የኔ ነው።» ከዚህ በላይ አልጨመረም፤ ባለመጨመሩ አከበርሁት።

አዝመራ እሱን አላየችውም። እኔን ነው የጠየቀችኝ፤ ለደም ነው ብሎ የሰጣት ይኸው እንደሆነ፣ ሕፃኑን ጎድቶት እንደሆነ፣ ዛሬ ብትታከም ዓይኑ ይተርፍ እንደሆነ። ሁሉንም ሳላሳንስና ሳልጨምር መለስሁላት። ገና ጊዜ አለ፤ አሁን ከታከመች በሽታው ከሷ ይጠፋል፤ ሲወለድም እንደማንኛውም ሕፃን ዓይኑ ላይ መከላከያ ቅባት ይደረግለታል። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። እንባ ከዓይኗ ቢወርድም ድምፅዋ አልተሰበረም።

«መርፌውን እኔ እወጋለሁ» አለች። «ንስሐውን እሱ ይግባ።»

የሷም የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራ ነጻ ሆነ። ተወጋች፤ ኪኒኑንም እፊቴ ዋጠችው። ለክንዱ ሙሉውን የሳምንት እንክብል እንደገና ስሰጠው እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

«ጧትም ማታም እኔ ነኝ የማስውጠው» አለች። «እኔ ማካፈል አላውቅም።»

በየካቲት መጨረሻ ሕፃኑን ለክትባት ይዛው መጣች። ወንድ ልጅ ነው። ክንዱ የልብስ ቦርሳውን ተሸክሞ ከኋላዋ ገባና በሩ አጠገብ ቆመ። ሕፃኑን ወደ መስኮቱ ወሰድሁትና ዓይኖቹን በየተራ አየሁ። ንጹሕ፣ ጥቁር፣ የሚያበሩ ዓይኖች ናቸው።

ቤት እንዴት ነው አልኳት።

«የነፍስ አባታችን ቀኖና ሰጥተውታል፤ ከውቢት ቤት ለብቻው ነው ገበታ የሚቀርብለት» አለች። «ከኔ ጋር ገና አይበላም።»

«እስከ መቼ?» አለ ክንዱ ከበሩ። የጠየቀው እኔን ይመስል ነበር።

አዝመራ ልጁን ተቀብላኝ ጠቀለለችው። በሩ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ ልጁን ሰጠችውና ቦርሳውን ከትከሻው አወረደች።

«መድኃኒቱን ጨርሷል» አለችኝ ዞር ብላ። «ቀኖናውንም ይጨርስ፤ ያኔ እናያለን።»

ክንዱ ልጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወጣ። ውጭ ፀሐይ ነበር። ልጁ ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠና ብርሃኑ ወደሚመጣበት አዞረ።