የሞቀ እጅ

ማራናታ ሀጀር አጠገብ ተንበረከከች። መዳፎቿን እርስ በርስ አፋትጋ የልብ ምቷን ልትለካ ስትል፣ ሀጀር እጇን መንጭቃ ወሰደች።

«ምን አደረግኩ? እህል ሳትቀምሺ ዋልሽ፣ ልትወድቂብን ነው ብዬ ነው እኮ!» ማራናታ ደነገጠች። የሟቿ የሀጀር እናት፣ የሲስተር ዘኪያ ተማሪ ናት፤ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ግቢ የተተከለውን ድንኳን ከሞሉት ነርሶች አንዷ።

«እጅሽን ለምን አፋተግሽው?»

«እ... ሲስተር ዘኪያ ናት ያስተማረችን! ‹በሽተኛ በቀዝቃዛ እጅ አይነካም› ትለን ነበር። ሳናሞቅ ከነካን ከዋርድ ነበር የምታባርረን።»

ከኋላ የተቀመጡት ነርሶች እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ያልተባረረ የለማ! ሀጀር ግን አልሳቀችም።

ወይ ጉድ! ይቺ ነገር የእሷ ብቻ ነበረች። ኮምቦልቻ፣ አያቷ ቤት፣ እናቷ በዓመት አንዴ የወታደር ልብሷን እንደለበሰች ትመጣለች። ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ መዳፎቿን ታፋትግና የልጇን ጉንጮች ግጥም አድርጋ ትይዛለች። «ይቺ ያንቺ ብቻ ናት» ትላታለች። ስትሄድ ደግሞ፣ «ሰራዊቱ አልለቀቀኝም ልጄ። ቢለቀኝ አንድ ቀን አላድርም፣ ወላሂ!»

ሀጀርም አመነች። በመንገድ የሚያልፈውን የወታደር መኪና ሁሉ እየረገመች አደገች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ አዲስ አበባ ስትመጣ፣ እናቷ «አሁን ገና ለቀቁኝ» ብላ ነበር የተቀበለቻት።

እትዬ ገንዘቤ መጥተው ጎኗ ተቀመጡ። ከእናቷ ጋር በሜዳ ሆስፒታል አብረው ቁስለኛ ያከሙ፣ አሁን ጡረታ የወጡ የሠራዊት ነርስ ናቸው።

«ማስተማር ነፍሷ ነበር» አሉ ሊያጽናኗት። «እዚያ ሜዳ ሆስፒታሉ ድንኳን ውስጥ እንኳ ምልምሎቹን ሰብስባ ቁስል አጠባ ታስተምር ነበር። ሰራዊቱ በክብር ሲሸኛት ቀጥ ብላ ገርጂ፣ ነርሲንግ ኮሌጅ ልታስተምር ገባች። ያኔ አንቺ አንደኛ ክፍል ነበርሽ መሰለኝ።»

«ስንተኛ?»

«አንደኛ።»

«አይደለም እትዬ ገንዘቤ። ከዚያ በኋላም በወታደር ልብስ ነበር የምትመጣው። አሥራ ሁለተኛ እስክጨርስ!»

ሴትዮዋ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «አፌን ቁርጥ ያርገው! ያ ልብስ እኮ የኔ ነው። እኔ ገና አልወጣሁም ነበር፤ ለመታሰቢያ ፎቶ ነው እያለች በየዓመቱ ትዋሰኝ ነበር።»

«ለምን?»

«አንዴ፣ ‹ልጄን ካመጣኋት ማስተማሩን መተዌ ነው› ብላኛለች። ልብሱን ለብሳ አንቺ ጋ እንደምትመጣ ግን በጌታ፣ አላወቅኩም።»

ለስንቱ ሰው ልጅ እጇን ስታሞቅ ኖራ፣ ለወለደቻት የውሰት ልብስ! ሀጀር ደግሞ የእናቷን አስከሬን ሲያጥቡ፣ እንዳይበርዳት ብላ፣ እጇን አፋትጋ ነበር የነካቻት። አሁን ቆጫት።

«ውሸታም!» አለች ጮክ ብላ። ለቅሶ ቤት ሙት አይሰደብም፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። «ውሸታም ናት እናቴ!»

ማራናታ የምታውቀውን አደረገች፤ መዳፎቿን አፋትጋ፣ «ልለካሽ?» አለች ቀስ ብላ።

ሀጀር እጇን አልሰጠቻትም። ጎንበስ ብላ ጉንጯን በማራናታ መዳፎች መሃል አስገባች።