ስድስት ነን

ጦርነቱ ከጋይንት በኩል እየገፋ በመጣበት ክረምት ደብረ ታቦር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ተፈናቃይ መዝጋቢ ነበርኩ። ስታቲስቲክስ አጥንቼ በተመረቅሁ በዓመቱ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ከጉና ሥርና ከገሳይ የሸሸው ሕዝብ በየመማሪያ ክፍሉ ተኝቷል። እኔ በረንዳው ላይ አንድ ጠረጴዛ ይዤ የአባወራውን ስም፣ የቤተሰቡን ብዛት፣ የመጣበትን ቀበሌ እጽፋለሁ፤ ሲመሽ ወደ ኮምፒውተር አስገባዋለሁ። ዱቄቱና ዘይቱ የሚታደለው በዚያ ዝርዝር ነው። የጠፋ ሰውም የሚፈለገው በዚያው ነው።

ድምፄ ትንሽ ነው፤ ቀና ብሎ ሰው ማየትም ይከብደኛል። ሰልፍ የያዙት ሴቶች ይሥቁብኝ ነበር።

«ይቺ ልጅ የምታወራ ከእኛ ጋር ነው ወይስ ከደብተሯ?»

«ተያት፤ ደብተሩ እንደ አንቺ አይጨቀጭቃት።»

ዝናሽን የመዘገብኋት ዝናቡ በረንዳው ድረስ በሚረጭበት ቀን ነው። ስንት እንደሆኑ ስጠይቃት «ስድስት ነን» አለች፤ ስማቸውንም ሳትቸኩል አንድ በአንድ ጠራችልኝ። ባሏ ፈንታሁን፣ እሷ ዝናሽ፣ ልጆቿ የሺ፣ ደምሴ፣ ሙላቴና ጨቅላዋ ጸዳለ። ቅጹ ላይ ከየስሙ አጠገብ «አለ» ወይም «የለም» የሚል ሣጥን ነበር። ቀና ብዬ ሳላይ ስድስቱንም «አለ» ላይ ምልክት አደረግሁ። ወረቀቱ እንዳይርስ ቸኩያለሁ፤ ሰልፉም ረጅም ነበር።

በጳጉሜ የሁሉም መጠለያ ዝርዝር አንድ ላይ ሆኖ መጣ። አስተባባሪያችን ዓለምነው ጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አንዳንዱ ሰው ሁለት ቦታ እየተመዘገበ ሁለት ጊዜ ይወስዳል። ድግምግሞሹን አጥሪልኝ፤ እስከ ዓርብ።»

«ሰዎቹን ልጠይቃቸው?»

«ምን አልሽ?»

«ልጠይቃቸው ወይ ነው ያልኩት።»

«ማን አምኖ ይነግርሻል? ስሙ ከስሙ፣ ቀበሌው ከቀበሌው ከገጠመ አንዱን ማጥፋት ነው።»

አርባ አንድ አገኘሁ። ከእነሱ አንዱ የፈንታሁን ቤተሰብ ነበር። እዚህ ስድስት፣ ሐሙሲት አጠገብ ያለው የወንዛዬ መጠለያም ስድስት፤ ስሞቹ እስከ ጨቅላዋ ድረስ አንድ ናቸው። መናደዴን አስታውሳለሁ። ያንን ሁሉ ስም ተረጋግታ ስትጠራልኝ አምኛት ነበር። የወንዛዬውን መስመር አጠፋሁት። ዓለምነውም «ጎበዝ፤ ዝም ብለሽ ትሠሪያለሽ» አለኝ፤ ደስም አለኝ።

አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ዝናሽ ጠረጴዛዬ ፊት መጥታ ቆመች። ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ እንዲሁ ቆማ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ዓይኔን ከደብተሬ ሳላነሣ «ዱቄቱ ቅዳሜ ነው» አልኳትና ሄደች። የዛሬው ሦስተኛዋ ነው። ያጠናሁትን ቁጣ አወጣሁት።

«እትዬ ዝናሽ፣ ወንዛዬም ተመዝግበው ነበር አይደል?»

«የት?»

«ወንዛዬ። የስድስታችሁም ስም እዚያ ተገኝቷል። አንድ ቤተሰብ ሁለት ቦታ እርዳታ አይወስድም።»

«ይቺን አዝዬ ወንዛዬ ደርሼ የምመለስ እኔ ፈረስ ነኝ?»

ከኋላዋ የተሰለፉት ሣቁ። እሷ ግን አልሣቀችም። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ስማችንን ማን ነው የሰጣቸው?» አለችኝ። «የጸዳለንም ስም ጠርቷል? ሳምንት ሳይሞላት ነው የሸሸነ፤ ስሟን ከቤታችን ሰው በቀር የሚያውቅ የለም።»

ያን ጊዜ ቀና አልኩ። አንድ ጨቅላ ጀርባዋ ላይ፣ ሁለት ወንዶች ልጆች በቀሚሷ ግራና ቀኝ። ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።

«የሺ የት አለች?»

ዝናሽ ወደ ኋላዋ ገልመጥ ብላ ጎንበስ አለችልኝ። ድምፅዋ ከእኔ ድምፅ አነሰ።

«ገሳይ ላይ፣ ከሰፈራችን ሴቶች ጋር የፊተኛው አይሱዙ ላይ ጫኗት። እኛ በኋለኛው ሆነን። አባቷ ከከብቶቹ ጋር ጉና ላይ ቀርቷል። እኛን እዚህ አወረዱን፤ ያ መኪና ሳይቆም አለፈ።»

«ስድስት ነን አሉኝ እኮ!»

«ስድስት ነን እንጂ! በሕይወት ያለ ልጅ ከቤቱ ቁጥር ይጎደላል? የሚጎደል የሞተ ነው። በገዛ አፌ ላሟርትባት?» ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ያልጠየቅሁት ሾፌር የለም፤ ያልጠየቅሁት ቄስ የለም። ወረቀት ላይ ግን ‘የለችም’ ብለሽ እንድትጽፊብኝ አልፈለግሁም። አንቺን ብቻሽን ሳገኝሽ ልነግርሽ ሁለት ቀን መጣሁ። ዱቄቱ ቅዳሜ ነው አልሽኝ።»

የወንዛዬው መዝገብ ትዝ አለኝ። የዚህች ሴት ልጅ ብቻዋን ብትሆንም፣ ስንት ናችሁ ተብላ ስትጠየቅ እናቷ የመለሰችውን ነው የምትመልሰው።

ወንዛዬ ላለው መዝጋቢ ደወልኩ። ደሳለኝ ይባላል።

«የፈንታሁን ቤተሰብ?» አለኝ። «እናንተው አይደላችሁ ያጠፋችሁት? አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ስድስት ነን፣ እናቴ በኋለኛው መኪና እየመጣች ነው አለችኝ፤ ጻፍኩላት።»

«አሁን የት ናት?»

«ስማችሁ ከዝርዝሩ ተሰርዟል አልኳት። ከዚያ ወዲህ መጠለያው ውስጥ አላየኋትም። አብረዋት የመጡት ሴቶችም ቀደም ብለው ባሕር ዳር ገብተዋል።»

በማግስቱ ዝናሽ ወንዶቹን ለክፍል ጎረቤቷ አደራ ሰጥታ፣ ጸዳለን አዝላ፣ ሁለታችን በሚኒባስ ተነሣን። ወረታን እስክናልፍ ስዘጋጅ ቆየሁ።

«እትዬ ዝናሽ፣ መስመሩን የሰረዝኩት እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽ?»

ጮክ ብዬ ደገምኩት። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዝናሽ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ «ኋላ» አለች። «መጀመሪያ ልጄን።»

ወንዛዬ መጠለያው ውስጥ የሺ አልነበረችም። ፍል ውኃው አጠገብ ለሚታጠቡ በሽተኞች ጎጆ የምታከራይ እቴነሽ የምትባል ሴት ዘንድ ጠይቁ አሉን። እቴነሽ በሯ ላይ ጭቃ እየጠረገች ነበር።

«አንዲት ሕፃን ከእኔ ጋር ታድራለች» አለች። «የበሽተኞቹን ልብስ እያጠበች ቂጣ ይሰጧታል። የእናንተ ናት እንዳልላችሁ ግን ሰው የላትም። ምስኪን፣ ቤተሰቧ አልቆባታል።»

ዝናሽ ፊቷን መለሰች። «እንግዲያማ የኔ አይደለችም። የኔ ቤተሰብ አላለቀም።»

«እስኪ እንያት» አልኩ። ያን ጊዜ ሰሚ አላስቸገርኩም።

ወንዙ ዳር አንዲት ልጅ ድንጋይ ላይ አንሶላ ትወቅጣለች። ጀርባዋን ሰጥታናለች። ራሷ ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል፤ አንገቷ ላይ ጥቁር ክር አስራለች። ዝናሽ አይታት አለፈቻት፤ ዓይኗ ጠጉር ያላትን ልጇን ነው የሚፈልገው። ጸዳለ አለቀሰች። ልጅቷ ያን ልቅሶ ሰምታ አንሶላውን ለቀቀችው፤ ውኃው ይዞት ሄደ።

እናትና ልጅ ሲተያዩ የምሆነው ጠፍቶኝ አንሶላውን ተከትዬ ወንዙ ውስጥ ገባሁ። ስመለስ ዝናሽ መሬት ላይ ተቀምጣ የልጇን የተላጨ ራስ በሁለት እጇ ይዛለች።

«ማን ሞተና? ማን ሞተና ነው የተላጨሽው?»

«ስማችሁ ተሰረዘ አሉኝ» አለች የሺ። አታለቅስም ነበር። «የሁላችሁም። ጸዳለም ሳትቀር። እማማ እቴነሽን ይላጩኝ ስላቸው ላጩኝ።»

ዝናሽ ጥቁሩን ክር በጥርሷ በጥሳ ወንዙ ላይ ጣለችው። የሺ እንደተጣለ አይታ አንገቷን ዳበሰች።

«አባባስ?» አለች።

ከጉና ወሬ ከተቋረጠ ወር አልፎ ነበር። ዝናሽ ነጠላዋን ልጇ ራስ ላይ ጣል አደረገች።

«ከከብቶቹ ጋር ነው» አለች።

ደብረ ታቦር እንደተመለስን ሦስታችን ጠረጴዛዬ ጋ ተቀመጥን፤ ወንዶቹም መጥተው እናታቸው አጠገብ ቆሙ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። እዚያ ያሉትን አምስቱን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ሞላሁ። ፈንታሁን ላይ ስደርስ «አለ» ወይም «የለም» ይላል፤ ባዶ ከተተወ አያሳልፍም። የሺ ጣቴን ታያለች። ስም የሰረዘው ይህ ጣት መሆኑን አሁን ታውቃለች። ዝናሽ «ኋላ» ያለችውን እስካሁን አልተናገረችም።

ኮምፒውተሩን ዘጋሁና በደብተሬ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩ።

«አንብቢልኝ» አለች ዝናሽ።

«ፈንታሁን፤ ጉና ላይ፣ ከከብቶቹ ጋር።»

«አልሰማሁሽም።»

ቀና ብዬ፣ ክፍሎቹ ውስጥ ያሉት ሁሉ እስኪሰሙ አነበብኩላት። ከአንደኛው በር አንዲት አሮጊት ብቅ አሉ፤ ትንሽ አመንትተው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ።

«እኛም ሰባት ነን ብለን ነበር፣ ልጄ» አሉ።